ያልገጠመው መስመር

ጆሮ ያለው ይስማ፤ ፈሪ ካለ ወደ መሀል ጠጋ ይበል።

አዋላጇ ሲስተር ትብለጥ አንድ ባልዲ ውሃ ፈለገች። ጤና ጣቢያው ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ተኝታለች፤ ቀኗ ደርሷል፤ ቧንቧው ግን ደረቅ ነው። አዲሱ ቱቦ በተቀበረ ቁጥር፣ ቢላ እንደሄደበት ሁሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ትብለጥ ቱቦው የተቀበረበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበረከከች።

«ቱቦ፣ ምነው ውሃ ብትይዝልኝ?»

ከመሬት ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ። «አልይዝም። ጀርባዬ ላይ ያልገጠመ መስመር አለ። የቀለጠውን ፕላስቲክ ጠይቂ።»

ፀጉሯ ቆመ። ቢሆንም ተነስታ ቱቦው ወደተሠራበት ፋብሪካ ሄደች። ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተዋል፤ ማሽኑ ብቻውን ያጉረመርማል።

«ፕላስቲክ፣ ግጠም፤ ቱቦው ውሃ አልይዝም አለ።»

«አልገጥምም» አለ ከማሽኑ ሆድ። «ቅርፅ የሚያስይዘኝ ሞልድ ውስጥ የመሀሉን ብረት የደገፉ ሦስት እግሮች አሉ። ለሦስት ይሰነጥቁኛል። ጀርባቸው ደንዳና ነው፤ በቅጡ ሳልገናኝ ተገፍቼ እወጣለሁ። እነሱን ጠይቂ።»

«እግሮች፣ ቅጠኑ፤ ፕላስቲኩ አልገጥምም አለ፣ ቱቦው ውሃ አልይዝም አለ።»

«አንቀጥንም። ሞረዱ አልሞረደንም።»

«ሞረድ፣ ሞርድ፤ እግሮቹ አንቀጥንም አሉ፣ ፕላስቲኩ አልገጥምም አለ፣ ቱቦው ውሃ አልይዝም አለ።»

ሞረዱ ማንም ሳይነካው ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ ዞረ። «አልሞርድም። ጋሽ አጥናፉ አያነሱኝም።»

ሞልድ ሠሪው ጋሽ አጥናፉ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ ሞረዱን ያንሱት፤ ሞረዱ አልሞርድም አለ፣ እግሮቹ አንቀጥንም አሉ፣ ፕላስቲኩ አልገጥምም አለ፣ ቱቦው ውሃ አልይዝም አለ።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «አላነሳም፣ ልጄ። ሞልዱ የፎርማን ገብረየስ የእጅ ሥራ ነው። ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግን ሁሌ በዚህ ሰዓት ማሽኑ አጠገብ ይቆማሉ። ሳይፈቅዱልኝ አልነካም።»

ትብለጥ ዞር አለች። ቱታ የለበሱ ሽማግሌ ማሽኑ አጠገብ ቆመዋል። ጥላ የላቸውም። ነፍሰ ጡሯን አሰበችና ቀረበች።

«አባቴ፣ ይፍቀዱ፤ ጋሽ አጥናፉ አላነሳም አሉ፣ ሞረዱ አልሞርድም አለ፣ እግሮቹ አንቀጥንም አሉ፣ ፕላስቲኩ አልገጥምም አለ፣ ቱቦው ውሃ አልይዝም አለ።»

ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው ወደ አንድ መሳቢያ ጠቆሙ። ከዚያ ቦታው ባዶ ሆነ።

መሳቢያው ውስጥ የሞልዱ ንድፍ ነበር፤ እግሮቹ ወደ ኋላ እንደ ቅጠል ጫፍ የሳሱ። ከግርጌው በገብረየስ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «አጥናፉ፣ እግሮቹን ስሠራ አወፍሬያቸዋለሁ። ጊዜ ካጣሁ አንተ አርማቸው።»

ጋሽ አጥናፉ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። ከዚያ ማሽኑን አቁመው ሞልዱን ፈቱት።

ገብረየስ ፈቀዱ፣ አጥናፉ ሞረዱን አነሱ፣ ሞረዱ ሞረደ፣ እግሮቹ ቀጠኑ፣ ፕላስቲኩ ገጠመ፣ ቱቦው ውሃ ያዘ፣ ትብለጥም ባልዲዋን ሞላች።

በሦስተኛው ቀን የጋሽ አጥናፉ ስልክ ጮኸ።

«ሴት ናት፣ ጋሼ! አሁን ነው ያጠብኳት» አለች ትብለጥ።

«ምን አልሽ? አይሰማኝም፤ ቆይ።» ማሽኑን አጠፉ። በጸጥታው ውስጥ ከስልኩ የወጣ የሕፃን ለቅሶ ፋብሪካውን ሞላው።