ጳጉሜ ስድስትን የማያውቀው ቋንቋ

ተረት ተረት ስላችሁ "የላም በረት" ብላችሁ አትድከሙ። በዚህ ተረት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ነው፤ እሱ ደግሞ አይታለብም።

አንዲት ዘርትሁን የምትባል የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከወፍጮው ጋር ስትጯጯህ ስለምትውል "እንደምን አደራችሁ" ስትል እንኳ ሰው ይደነግጣል። ይቺ ዘርትሁን ጳጉሜ ስድስት ቀን ሴት ልጅ ወለደች። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ ናትና፣ በተመረቀች ቀን የመጣች ብላ ስሟን ምርቃት አለቻት። ልጅቷ ግን የላይኛው ከንፈሯ ተሰንጥቆ ነበር የተወለደችው። ጡት ስትይዝ ያመልጣታል፤ እናቷ የጡቷን ወተት እያለበች፣ በማንኪያ እያንጠባጠበች አራት ወር አደረሰቻት። በጥር ወር እንዲህ ያለውን ከንፈር በነጻ የሚሰፉ ሐኪሞች መጡ። ለመመዝገብ የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ምዝገባው ደግሞ ዓርብ በስድስት ሰዓት ይዘጋል። የዘርትሁን ፍላጎት እንግዲህ ይህቺው አንዲት ወረቀት ነበረች።

ረቡዕ ጠዋት ልጇን አዝላ ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው አቶ ጥላዬ ቀኑን ኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፍ ቀይ መስመር ወጣ። ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ ቀላ። አቶ ጥላዬ ከራሱ ዓይን ይልቅ ኮምፒውተሩን የሚያምን ሰው ነበርና፣ ያለፈው ዓመት ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ነበረች ብሎ ፈረደ። በዚያች በሌለችው ስድስተኛ ቀን እሱ ራሱ የበዓል በግ ሲጎትት ነበር የዋለው። መስከረም አንድ ብዬ ልጻፈው፣ አንድ ቀን ምን አላት ሲላት፣ የሆስፒታል ካርዷ ጳጉሜ ስድስት ይላል፣ ካልገጠመ ይመልሱኛል አለችው። ጸሐፊው አልጽፍም አለ፤ ምርቃትም ያለ ወረቀት ቀረች።

ዘርትሁን የቀበሌውን የምዝገባ ፕሮግራም ወደ ሠራው ወደ ምንተስኖት ሄደች። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ነበር፤ ለእሷ ድምፅ ግን ማዳመጫ ምኑ ነው? ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ምርቃት ያለ ወረቀት ቀረች፣ ፕሮግራምህን አንድ በልልኝ አለችው።

"እትዬ፣ የኔ ፕሮግራም በራሱ ምን ያውቃል?" አላት ምንተስኖት። "ቀን ሲመጣለት ቋንቋውን ይጠይቃል፤ ቋንቋው የለም ካለ የለም ነው።"

ምንተስኖት ቋንቋ ሲል፣ ሰው ኮምፒውተርን የሚያዝበትን የፕሮግራም ቋንቋ ማለቱ ነው። ስሙ ድውር ይባላል። ምንጩ ክፍት ስለሆነ የፈለገ ያየዋል፣ የፈለገ ይወስደዋል፣ የቻለ ይጠግነዋል፤ ጠጋኞቹም ከሥራቸው በተረፈ ሰዓት በነጻ የሚደክሙ ሰዎች ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እውነት ነው፤ አንዷ ሎሚ ስትበሰብስ ግን ሃምሳውም "የኔ አይደለችም" ይላል። ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ፕሮግራሙ አልቀበልም አለ፤ ምርቃትም ያለ ወረቀት ቀረች።

የድውርን የቀን መቁጠሪያ የጻፉት ዶክተር አምደብርሃን ነበሩ። ዘርትሁን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳ ቢሯቸው ውስጥ ቆመች። ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ፕሮግራሙ አልቀበልም አለ፣ ቋንቋዎ ቀኗን አላውቃትም አለ፣ ምርቃት ያለ ወረቀት ቀረች አለቻቸው። ዶክተሩ ሳቅ ብለው ደንቡን አስረዷት። ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪ ከሌለው ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች፤ ቀሪ ካለው አምስት ነች። የፈረንጁን ደንብ አምጥተው ለጳጉሜ አልብሰዋታል።

"እሱ እኮ ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ጋሼ" አለች ዘርትሁን። "ስድስተኛዋ ቀን በሉቃስ መጨረሻ ነው የምትመጣው። ዮሐንስ የሚገባው በማግስቱ ነው። ይህን ለማወቅ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ መቆም ይበቃል።"

ዶክተሩ በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። የሉቃስን ቀን ወስደው ለዮሐንስ ሰጥተውታል፤ ወንጌላውያን መክሰስ አይወዱም እንጂ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነበር። ጆሯቸው እስኪቀላ አፍረው መስመሩን እዚያው አስተካከሉ። ነገር ግን በዚህ አላለቀም። እርማቱ ሰው ዘንድ የሚደርሰው የጥገና ዝማኔ፣ ማለትም የታደሰው ቅጂ፣ ሲወጣ ነው፤ ዝማኔው የሚወጣው ደግሞ ገምጋሚዋ ስታጸድቅ ነው።

ገምጋሚዋ ሶልያና ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ድውርን የምትገመግመው በምሳ ሰዓቷ ነው። ዘርትሁን በጉርሻዋ መካከል ደረሰችባት። ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ፕሮግራሙ አልቀበልም አለ፣ ቋንቋው አላውቃትም አለ፣ አንቺ አጽድቂውና ይለፍልኝ አለቻት። ሶልያና ልቧ ራራ፤ እጇ ግን አልራራም። ባለፈው ዝማኔ ዓይኗን ጨፍና ያጸደቀችው አንድ መስመር ከሰኞ ቀጥሎ እሑድ የሚመጣበት ሳምንት አውጥቶ ነበርና ከዚያ ወዲህ ያልተሞከረ ነገር አታሳልፍም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ ወደ ሞካሪው ላከቻት። ገምጋሚዋ አላጸድቅም አለች፤ ምርቃትም ያለ ወረቀት ቀረች።

ሞካሪው ጉርሜሳ የሒሳብ መምህር ነው። ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያዘችው። አሁን ነገሩ ረዝሞ ነበርና እስትንፋሷን ሰብስባ ጀመረች። ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ፕሮግራሙ አልቀበልም አለ፣ ቋንቋው አላውቃትም አለ፣ ገምጋሚዋ አላጸድቅም አለች፣ ምርቃት ያለ ወረቀት ቀረች፣ በል ሞክርልኝ። መስኮት ላይ ተማሪ ተኮለኮለ። ጉርሜሳ መሞከሩን አልጠላም፤ ልማዱ ግን በለውጦች ዝርዝር ላይ ያልሰፈረ ነገር አለመንካት ነው። ያልተጻፈ ለውጥ ከሞከርኩ ነገ ሁሉም በየኪሱ ይዞ ይመጣል አለ። ሞካሪው አልሞክርም አለ።

ዝርዝሩን የሚጽፉት ጋሽ ንጋቱ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በሰው ሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ እንኳ ስሕተት አክብበው የሚመልሱ ሽማግሌ ናቸው። ዘርትሁን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ስትደርስ እግሯ አብጧል፣ ምርቃት ተርባ ታለቅሳለች፣ ከቤት አልባ የያዘችው ወተትም አልቋል። በበረንዳቸው ላይ ቆማ በደከመ ድምፅ ዘረዘረችው። ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ፕሮግራሙ አልቀበልም አለ፣ ቋንቋው አላውቃትም አለ፣ ገምጋሚዋ አላጸድቅም አለች፣ ሞካሪው አልሞክርም አለ። ስትጨርስ፣ መዝገቡ ነገ ይዘጋል አለች። ዘርትሁን ቀስ ብላ ስትናገር በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሽ ንጋቱ መነጽራቸውን አወጡ፣ አበሱ፣ መልሰው አደረጉ። እኚህ ዶክተር ያኔ ቀኗ የዮሐንስ ናት ብለው አስጽፈውኛል፣ አሁን የሉቃስ ናት ይላሉ፣ ነገ የማርቆስ ቢሉስ አሉ። በዓይኔ ያላረጋገጥኩትን መስመር ጽፌ አላውቅም፤ ያቺን ቀን ያየ ሰው አምጪልኝ አሉ። ዝርዝር ጻፊውም አልመዘግብም አሉ።

ዘርትሁን መቀነቷን ፈታች። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ሳታስፈቅድ፣ የሽማግሌው ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

"ያውላችሁ" አለች። "አራት ወር ሙሉ በማንኪያ ያሳደግኋት፣ የለችም ያላችኋት ቀን ልጅ ናት። ካልነበረች፣ ጋሽ ንጋቱ፣ ይቺ ማን ናት?"

ምርቃት ማልቀሷን ትታ ሽማግሌውን አየቻቸው። የተሰነጠቀ ከንፈሯን ከፍታ የመነጽራቸውን ገመድ ለመጥባት ሞከረች፤ አመለጣት፤ ደግማ ሞከረች። ጋሽ ንጋቱ በመታቀፊያዋ ላይ በመርፌ የተያዘውን የሆስፒታል ካርድ አነበቡ፦ ጳጉሜ ስድስት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። አንገታቸውን ደፉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ልጅቷን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ በአንድ እጃቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "የጳጉሜ ስድስተኛ ቀን ለሉቃስ ተመልሳለች። በአካል ተረጋግጧል።"

ከዚያ በኋላማ የተተበተበው ሁሉ ተፈታ። ዝርዝር ጻፊው ጻፉ፣ ሞካሪው ሞከረ፣ ገምጋሚዋ አጸደቀች፣ ቋንቋው ቀኗን አወቃት፣ ፕሮግራሙ ተቀበለ፣ ጸሐፊው ጻፈ። አቶ ጥላዬማ ቀይ መስመሩ መጥፋቱን ሲያይ፣ እኔም እኮ ቀኗ መኖሯን አውቅ ነበር፣ በግ የገዛሁባት ቀን ናት አለ። ዘርትሁን ሳትሰድበው ወጣች፤ ጊዜ አጥታ እንጂ ስድብ አጥታ አልነበረም። ዓርብ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሆስፒታል ደረሰች። መዝጋቢዋ ካርዱንና ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርጋ አየች። ገጠሙ።

የምርቃት ከንፈር በተሰፋ በጥቂት ቀን፣ ቁስሉ ሲጠግግ፣ ሐኪሞቹ እናቷን ጡት ሞክሪ አሏት። ዘርትሁን ፈርታ ማንኪያውን ይዛ ተቀመጠች። ልጅቷ ያዘች። አላመለጣትም። ጉሮሮዋ ውስጥ የወተቱ ድምፅ ሲወርድ ተሰማ፤ ዘርትሁንም ያንን ወፍጮ የሚያሸንፍ ድምፅዋን ለቃ አለቀሰች፣ ዋርዱ በሙሉ ነቃ፣ ምርቃት ግን መጥባቷን አላቋረጠችም።

ይህን ተረት አትመልሱልኝ። ባለቤት የለውም፤ ያጎደልኩትን ሞልታችሁ ለሌላ ሰው ስጡት።