ትሕትና የተጨመረበት ሰርቨር

አንድ ፕሮግራመር ነበረ፤ ይሉኝታ የሚያጠቃው።

ቆይ ትርሲት፣ ጥያቄሽን አልሸሸሁም። «ጋሼ፣ ሥራ አስኪያጁ ‹ነገ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሰርቨሩ ገጽ ላይ ያለውን ቀይ የሚያለዝብ ነገር ሥሪ› አሉኝ። ብሠራው ውሸት ይሆንብኛል?» ነው ያልሽው። እኔ እውነትና ውሸትን የምለይ ሰው አይደለሁም፤ ለዚያ የተማሩ አሉ። እኔ የማውቀው ይህን ሰውዬ ነው።

የሚሠራበት ድርጅት ለአንድ የአውቶቡሶች ማኅበር የትኬት መሸጫ ፕሮግራም ያዘጋጅ ነበር። እንደኛው ቤት አንድ ሰርቨር ነበራቸው። የሁሉንም ሰው ሥራ ሰብስቦ ይገጣጥማል፣ ይፈትናል፣ ያለፈውን ለደንበኛ ይልካል፣ የወደቀውን ያስቀራል። ውጤቱንም በገጹ ላይ ያወጣል፤ ላለፈ አረንጓዴ፣ ለወደቀ ቀይ፣ ከጎኑ የሠሪው ስም። ገጹ ደግሞ መግቢያው ኮሪደር ላይ በትልቅ ስክሪን ይታያል። ሰርቨር መቼም አሳዳጊ የበደለው ነገር ነው፤ ታላቅ ታናሽ አያውቅም።

በዚያ ወቅት ቀዩ ከአንድ ሰው ስም ላይ አልነሳ አለ። ሰውየው የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ የቤቱን ግማሽ ያስተማሩ። የያዙት ሥራ አንድ ወንበር በሁለት መስኮት ለሁለት ሰው እንዳይሸጥ የሚያደርግ ነበር። በላኩት ቁጥር ይወድቃል፤ እሱ እስኪያልፍ ደግሞ ማኅበሩ በአሮጌው ፕሮግራም ይሸጣል። አልፎ አልፎ ቀዩን ያየ ሰው ወንበር ስቦ አጠገባቸው ይቀመጥና አብሯቸው ያፈጥ ነበር። ኃላፊው ግን አፈሩ። በዋናው በር መግባት ተዉና በጓሮ ደረጃ፣ በቆሻሻ ገንዳው በኩል ይገቡ ጀመር።

ፕሮግራመሩ ይህን አየ። «የአባት ያህል ሰው በቀይ ተጽፎ ሲውል እንዴት ዝም ይባላል?» አለና ለሰርቨሩ ፕለጊን ጻፈ። ፕለጊን ታውቂያለሽ፤ በተሠራ ቤት ላይ የሚቀጠል በረንዳ ነው። ቤቱን አይነካም፤ ከመንገድ የሚታየውን ግን ይለውጣል። የእሱም ፈተናውን አልነካ፣ ውጤቱን አልነካ፤ ገጹ ላይ የሚወጣውን ቃልና ቀለም ብቻ ነበር የሚለውጠው። መጀመሪያ ሲጭነው የገጹ ማውጫ ጠፋበት፤ ሰርቨሩን አጥፍቶ ሲያስነሳው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አንዴ የወደቀ ሥራ በቀይ «ወድቋል» መባሉ ቀርቶ በሰማያዊ «ትንሽ ይቀረዋል» ተባለ። ደጋግሞ የወደቀው «በሂደት ላይ ነው» ይባላል። የባሰበት ደግሞ «በፈጣሪ ፈቃድ ይደርሳል»። ማስተካከያው ላይ ምልክት የሚደረግባት አንዲት ሳጥን አለች፤ አጠገቧ «ትሕትና ይጨመር» ይላል። እሷ ላይ ምልክት አደረገ።

አትሳቂ። ሁሉም ወደደው። ኃላፊው በዋናው በር ገቡ። ሥራ አስኪያጁ «ይሄ የጨዋ ልጅ ነው» አሉ። የማኅበሩ ሰዎች ሲደውሉ ስልክ የምታነሳው ልጅ ወደ ስክሪኑ ቀና ትልና «ትንሽ ይቀረዋል» ትላቸዋለች፤ አመስግነው ይዘጋሉ። ኃላፊው አጠገብ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ግን ጠፋ። ትንሽ ለቀረው ሽማግሌ «ላግዝዎ» ማለት መናቅ ነዋ! እሳቸውም ስክሪኑን እያዩ ትንሽ እንደቀራቸው ማመን ጀመሩ።

ታዲያ አንድ ቀን ፕሮግራመሩ ለእኅቱ ሠርግ ወደ ደሴ ሊሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። ወንበሩን ይዞ ገና እንደተቀመጠ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፉ፣ የራጅ ፖስታ በብብታቸው ይዘው መጡ። ትኬታቸውን አሳዩ። ያው ወንበር።

ረዳቱ ሁለቱን ትኬት አገላብጦ አየ። «ኮምፒውተሩ ነው የሸጠው፤ እኔ ምን ላድርግ? ሞልቷል!»

ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ይህን ኮምፒውተር የሠራው ሰው ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ደሴ በእግሩ ይሂድ!» አሉ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ማኅበሩ ጋ ደወለ፣ አዳመጠ፣ ዘጋ። «ለሠሪዎቹ ነግረናቸዋል፤ ትንሽ ይቀረዋል ብለዋል» አለ።

«ትንሽ ከቀረውማ ቆሜ እጠብቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። ከልባቸው ነው። ጉልበታቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ከዘራቸው ላይ ተደገፉ።

ፕሮግራመሩ ብድግ አለ። ሽማግሌው በስንት ልመና ተቀመጡ። ተቀምጠውም ዝም አላሉም፤ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁት ጀመር።

«አንተን ያሳደገች እናት ትባረክ!»

«አሜን» አለ።

«የልጅ ልጅ ለማየት ያብቃህ!»

«አሜን።»

ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው በተዘረጋ እጅ፣ «ይህን ወንበር ለሁለት ሰው የሸጠውን ደግሞ፣ መቀመጫ አሳጥቶ መንገዱን ያርዝምበት!» አሉ። ተሳፋሪው ባንድ አፍ «አሜን!» አለ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት፤ ያላለው እሱ ብቻ ነበር።

«አሜን» አለ።

እስከ ደሴ ቆሞ ሄደ። ለምሳ በቆሙበት ቤት ረዳቱ ታሪኩን ለአስተናጋጇ ነገራት፤ እሷም መረቀችው። «እኔ ነኝ» ሊል ይቃጣና ይተወዋል። ያን ሁሉ ምርቃት ማበላሸት ነውር መሰለው። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሰውን ከጥፋቱ አያስጥልም፣ ከመናገር ግን ያስጥላል።

ሲመለስ ማንንም ሳያማክር ከሳጥኗ ላይ ምልክቱን አነሳ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀላ። ኃላፊው በዋናው በር ሲገቡ አዩት፤ ባሉበት ደርቀው ቆሙ። ሰውም ተሰበሰበ። አንዱ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ፣ ሌላዋ በትከሻቸው በኩል ኮዱን አነበበች፤ ስህተቱ ከምሳ በፊት ተገኘ።

«ይህን ያህል ጊዜ ብቻዬን ስዳክር የት ነበራችሁ?» አሉ ኃላፊው።

«ትንሽ ይቀረዋል ይል ነበራ!» አሏቸው።

ፕሮግራመሩን አላመሰገኑትም፤ አልተቆጡትምም። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚገባው በጓሮ ደረጃ፣ በቆሻሻ ገንዳው በኩል ነው።

እንግዲህ ትርሲት፣ ገጹ ላይ ያለው ቀይ እንደ ሸክም ነው። ከአንድ ሰው ስም ላይ ስታነሺለት የጠፋ ይመስልሻል። አይጠፋም። ደረጃውን ወርዶ፣ መናኸሪያ ደርሶ፣ ራጁን በብብቱ የያዘ ሰው ጉልበት ላይ ያርፋል። ሥራ አስኪያጁ ያዘዙሽን መሥራት ከፈለግሽ ሥሪው፤ እጅሽ ጥሩ ነው፣ ያምርልሻል። እንግዶቹም አይተው ይመርቁሻል። አሜን በያቸው። ምርቃቱ አለቀ ብለሽ ግን አፍሽን አትዝጊ፤ ቀጥሎ የሚመጣውም አሜን ይፈልጋል።