ቤንዚኑን የሚጠጣው ማን ነው

አንድ መኪና ያለው ሰው ነበረ። ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ ነበሩት። «የኔታ፣ ነዳጅ ሊጠፋ ነው እየተባለ ነው፤ በርሜል ገዝቼ ቤንዚን ላጠራቅም ወይስ ምን ይሻለኛል?» ስትለኝ ትዝ ያለኝ ይኸው ሰው ነው። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ንባቡ ሳያልቅ ትርጉም የምትጠይቅ ነህ። ዛሬ እንኳ እስክጨርስ አርፈህ ቁጭ በል።

በዚያ ሰው ከተማ ነዳጅ አንድ ሰሞን ይመጣል፣ አንድ ሰሞን ይቀራል። መርከቡ ዘገየ ይባላል፤ መንገዱ ተዘጋ ይባላል፤ ባሕር ማዶ ጦርነት ተነሣ ይባላል። እውነቱን የሚያውቅ ግን የለም። ሰውዬው ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ ይውልና ሳይቀዳ የሚመለስበት ጊዜ ነበረ። ልጁን አልፎ አልፎ ደረቷን ያማት ስለነበር «አንድ ቀን ቢብስባት በምን ሐኪም ቤት አደርሳታለሁ?» የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ነሣው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ልብ በልልኝ፤ ልጁን የሚወድ ሰው ነበረ።

በቤቱ ደጃፍ አውቶቡስ ያልፋል። ጎረቤቶቹ ዘወትር ጠዋት ይሳፈሩበታል። እሱ ግን «ግፊያው! የኪስ ሌባው!» እያለ ሰበብ ይደረድራል። እውነቱን ልንገርህ፣ መኪና ያለው ሰው የአውቶቡስ ዘንግ ይዞ ቆሞ ሲሄድ ቢያዩት ያፍር ነበር።

በመጨረሻ በርሜሎች ገዛ። ነዳጅ በመጣ ቁጥር እየቀዳ ሞላቸው፣ ክዳናቸው ቢጠፋ አፋቸውን በጨርቅ ወተፈው፣ ከሌባ ይድናሉ ብሎም ጓዳ አስገባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት እሳት አልነደደም። ሚስቱ ጎረቤት እየሄደች ታበስላለች፤ ሲመሽ ሻማ እንኳ አይለኮስም። እንግዳ ደጃፍ ላይ አፍንጫውን ይዞ ይመለሳል። ድመቷ አንድ ቀን ወጣች፣ በዚያው ቀረች። ዝንቦች መስኮቱ ሥር ሞተው ይገኛሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ የበርሜሎቹ ቆርቆሮ እየቀዘቀዘ ይንኳኳል። ሚስትየው መጀመሪያ ሰሞን ሰው መጣ ብላ በር ትከፍት ነበር። ኋላ ላይ ተወችው።

ሰውዬው በየጠዋቱ ጓዳ ገብቶ በርሜሎቹን በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል። ቤንዚን ያለበት ቦታ ድምፁ ድፍን ነው፤ ባዶው ያስተጋባል። የደረሰበትን ቦታ በከሰል አስምሮበታል። አንድ ጠዋት ታዲያ ከመስመሩ በታች ሲያስተጋባ ሰማ። እሱ አልቀዳም፤ መኪናዋን ለክፉ ቀን ብሎ ካቆማት ከርሟል። ሚስቱም አልነካችም። ወለሉን በእጁ ዳበሰው፤ ደረቅ ነው። ጨርቁም እንደወተፈው አለ።

«ሌባ አለ» አለ። መስኮቱን በጆንያ ደፈነው። ሰንበት ብሎ ቢያንኳኳ ደግሞ ወርዷል። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ መረገው። ደግሞም ወረደ። አንድ የማይታይ ነገር እቤቱ ገብቶ ቤንዚኑን በጥቂት በጥቂቱ እየጠጣበት ነበር። ልጁ እንቅልፏ ቀላል ነው፣ ኮሽ ሲል ትነቃለች። ስለዚህ ሌባው ሲገባ እንድትሰማ ብሎ አልጋዋን ከበርሜሎቹ አጠገብ አደረገው።

«ኧረ ተው፣ ልጅቱን ራሷን እያመማት ነው» አለችው ሚስቱ።

«ለማን ብዬ ነው የማስቀምጠው? ለእሷው አይደል እንዴ!»

ልጅቱ ጠዋት ጠዋት «ማንም አልመጣም፣ አባዬ» ትለዋለች። እየቆየ አነጋገሯ መጎተት ጀመረ። ኮሽ ሲል ትነቃ የነበረችው ልጅ ሲጠሯት የማትሰማ ሆነች። አንድ ጠዋት ጠራት፣ ዝም አለችው። ሲወዘውዛት ዓይኗን ገለጠች፤ ግን እሱን አላየችውም፣ መልሳ ከደነችው።

ከበርሜሉ ቀድቶ ወደ መኪናዋ ሮጠ። ቤንዚን ሲከርም እንደሚበላሽ የነገረው አልነበረም። ሞተሩ አጓራ፣ ሳለ፣ ዝም አለ። ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ያን ጊዜ አውቶቡሱ ሲመጣ ሰማ። ልጁን አቅፎ ወጣና መንገዱ መሐል ተገተረ።

ሹፌሩ አቆመለት። ገና ሲገባ አንዲት የተቀመጠች ሴት ክንዷን ዘርግታ «አምጣት፣ ልያዝልህ» ብላ ልጅቱን ጭኗ ላይ አስተኛቻት። አውቶቡስ ውስጥ ልማዱ እንዲህ ነው፤ የተቀመጠው የቆመውን ሸክም ይይዛል። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ። «ቤንዚን ይሸታል! ቤንዚን ይዞ የገባ ሰው አለ፣ ይውረድልን!»

ትኬት ቆራጩ ወንበር ሥር እያጎነበሰ ፈለገ። ሰውዬውን ፈተሸው፤ ባዶ እጁን ነው። ጄሪካን የሚባል ነገር የለም። ሽታው ግን እየባሰ ሄደ። ተሳፋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልጅቱን የያዘችው ሴት ፊቷ ተለወጠ። አፍንጫዋን ወደ ሕፃኗ አፍ አስጠጋችና ቀና ብላ አባትየውን አየችው።

«ከትንፋሿ ነው» አለች።

ሰውዬው ሌባውን ያኔ አገኘው። ቤንዚኑ ይተን ነበር፤ መውጫውን ሁሉ ስለደፈነበት ልጁ ናት ሌሊቱን ሙሉ ስትጠጣለት የከረመችው።

«ፌርማታውን ተወው! ቀጥታ ሐኪም ቤት ንዳው!» አለ ያው ቅድም የጮኸው ሰው። መውረጃው የደረሰ አልወረደም፤ ሥራ የረፈደበትም አላጉረመረመም። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈቱላት። ልጅቱ ተረፈች። ግን እስከ ዛሬ፣ ስሟን ስትሰማ ማን እንደሚጠራት ለማወቅ ትንሽ ትቆያለች ይባላል።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ። «አውቶቡሱስ ነዳጅ አይጠጣም ወይ?» ልትለኝ ነው፤ ከፊትህ ያስታውቃል። ይጠጣል፣ እሱም የሚቆምበት ቀን ይኖራል። ነገር ግን አንተ ለብቻህ የምትደብቃት ቤንዚን እሱ ዘንድ ብትሆን ሰፈሩን ታደርሳለች። መቆም ቢመጣም የምትቆመው «አምጣት፣ ልያዝልህ» ከሚልህ ሰው ጋር ነው። መርከቡ ይምጣ አይምጣ እኔም አንተም አናውቅም። ያ ሰውም አያውቅም ነበር። ያላወቀውን ፈራ፣ ፍርሃቱን እቤቱ አስገባና በር ዘጋበት፣ ከዚያ ልጁን አጠገቡ አስተኛት። አንተም ያው ነህ።

«ልግዛ ወይ?» ብለህ ነው የጠየቅከኝ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ዓይኔ ደክሟል፣ አፍንጫዬ ግን ደህና ነው። ከገባህ ጀምሮ ኮትህ ሸቶኛል። አልቆጣህም፣ አትሸማቀቅ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ያቺ ትንሿ ልጅህ የምትተኛው የትኛው ክፍል ነው?