ጎፈሩ የሳሳበት ጭላዳ

ጆሯችሁን አውሱኝማ፣ ተረት ልንገራችሁ። እንስሳት እንደ ሰው ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን፣ ጎፈሩ ገና መንዠርገግ የጀመረ አንድ ጎረምሳ ጭላዳ ዝንጀሮ ነበር። አንድ ጠዋት ሲነሳ፣ የተኛበት ድንጋይ ላይ ጥቂት የጎፈሩን ፀጉሮች አየ። «በዚህ ዕድሜዬ!» ብሎ ክው አለ። ከዚያ ወዲህ ነፋሱንም ዛፉንም መጠርጠር ጀመረ።

ዘወትር ቅማሉን የምትለቅምለት አንዲት ጭላዳ ነበረች። ያን ቀን እጇ ከጎፈሩ ወጥቶ ወደ አፏ ሲሄድ በጎን አያት።

«አፍሽ ውስጥ የደበቅሽው ምንድን ነው?»

«ቅማል ነዋ!»

«እስቲ አሳዪኝ።»

«ዋጥኩትኮ።»

«ዋጥሽው? ይኸው፣ ጎፈሬን የምትጨርሺው አንቺ ነሽ!» ብሎ አባረራት።

እሷ ሄደች። ቅማሉ ግን አልሄደም፤ እዚያው ተዋለደ። ጭላዳው ቀን በጥፍሩ፣ ሌሊት በድንጋዩ ሲታከክ ከረመና፣ ክረምቱ ሲወጣ ጎፈሩ ሁሉ ድንጋዩ ላይ ቀረ።

ዛሬም ማዶ ተቀምጣ የሌላውን ቅማል ስትለቅም ባየ ቁጥር፣ መላጣው ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ይጮሃል፦ «ወንድሜ፣ አፏን አስከፍታት! ኋላ አልነገረኝም እንዳትል!»

ተረቴን ጨረስኩ። የኔ አፍ ባዶ ነው፤ ካላመናችሁ እዩትና ዳቦ አጉርሱኝ።