ከሰማይ የታየው ሜዳ

አንድ አዲስ ኩባንያ ነበር። ያቋቋመችው ማሕደር የምትባል፣ የነገርን ምክንያት ሳታገኝ እንቅልፍ የማይወስዳት ወጣት ናት። ኩባንያው ከሳተላይት የሚላኩ ምስሎችን እየመረመረ፣ ሳር የት እንደበቀለ ለቆላ አርብቶ አደሮች በስልክ ይነግራል።

በድርቁ ዓመት ከብቱ ሁሉ ሲከሳ፣ ማሕደር ከአንድ ተራራ ጀርባ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ አገኘች። ደስታዋን መቻል አቃታትና ለደንበኞቿ ሁሉ በአንዴ ላከችላቸው። ብዙም ሳይቆይ እሮሮው ጎረፈ፤ ሳር የለም፣ ከብቱ እያለቀ ነው። ባልደረቦቿ ምስሉን ቢመረምሩት እንከን አጡበት። እሷ ግን ሳሩን ምን እንደዋጠው ሳታውቅ መቀመጥ ስላልቻለች ጓዟን ሸክፋ ሄደች።

ሜዳው ተግጦ አፈር ሆኗል። ከየአቅጣጫው የመጣው መንጋ ተደባልቆ፣ ባለከብቶቹ ዱላ ይዘው ተፋጠዋል። ጎሳቸውን እየመሩ የመጡት ሽማግሌ ኦቦ ጉዮ ሊቆጧት ይችሉ ነበር፤ የተናደዱት ግን በራሳቸው ነው። ድሮ ከብት ከመነዳቱ በፊት ቃኚ ይላክ ነበር። ቃኚው ሳሩን ካየ በኋላ ከሜዳው ሰዎች ጋር አድሮ፣ ምን ያህል ከብት መቀበል እንደሚችሉ ጠይቆ፣ እሺ ሲሉት ይመለስ ነበር። ዘንድሮ ስልኩን ተማምነው ቃኚ መላክ ትተዋል።

«ያየሽው እውነት ነው፣ ልጄ» አሏት። «የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሽም። እኛም አልጠየቅንም።»

«ማንን ልጠይቅ ነበር፣ አባቴ?»

«እዚህ የሚኖሩትን ነዋ። እነሱም እኮ ደንበኞችሽ ናቸው።»

እውነታቸውን ነው። የሜዳው ሰዎችም የገዛ ሳራቸው ምስል በስልካቸው ደርሷቸው ነበር። ማሕደር በሀፍረት አንገቷን ደፋች።

ሽማግሌዎቹ ጥላ ስር ተቀምጠው ጠቡን አበረዱት፤ መንጋውም ተከፋፍሎ፣ ቃኚ እየቀደመው ወደ ሌላ ግጦሽ ሄደ። የሞተው ከብት ግን አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ ማሕደር ሳር ስታገኝ መጀመሪያ የምትደውለው ለሜዳው ሰዎች ነው። «ይምጡ» ካላሏት ምስሉን ለማንም አትልክም። መጠበቅ የሰለቻቸው ደንበኞች ጥለዋት ሄደዋል። የቀሩት ግን ሲደርሱ የሚቀበላቸው ሰው አላቸው።

ከሩቅ ባዶ የሚመስለን ቦታ ሰው ይኖርበታል። አንድን ነገር ቀድመን ስላየነው ብቻ የእኛ አይሆንም። እስቲ አስቡት፤ እናንተስ ዛሬ «አገኘሁ» ብላችሁ የምትሮጡለት ነገር ላይ፣ ቀድሞ የነበረውን ሰው ጠይቃችሁታል?