በአንሶላ የተሸጎጠ ምድጃ

አንድ ቁጭ ማለት የማይሆንለት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሽብሩ ይባላል። በአንዲት የቆላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል፤ ባልደረቦቹም ‹‹ስሙን ያወጡለት ሰዎች አልተሳሳቱም›› እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ምሳውን እየበላ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሰው እያነጋገረው ዓይኑ ሶኬት ላይ ይሄዳል። በተለይ ፎቅ ላይ ካለው የአራሶች ክፍል አጠገብ ሲደርስ ቆም ብሎ የሚቃጠል ነገር ያሸታል።

ያለምክንያት አልነበረም። በዚያች ከተማ አራስ የቀዘቀዘ ነገር አትቀምስም። አስታማሚዋ አጥሚቱን ከቤት በፔርሙዝ ብታመጣ እንኳ ‹‹የፔርሙዝ ትኩስ ምኑ ትኩስ ነው!›› ይባላል። ስለዚህ ከገንፎው ዕቃ ጋር የኤሌክትሪክ ምድጃ በነጠላ ተጠቅልሎ ይገባል። ዘበኛውም እናት አለውና አይቶ እንዳላየ ያሳልፋል። ስምንት አልጋ ባለው ክፍል ስድስት ምድጃ ይሰካል። ለመብራት ተብሎ የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ብሬከሩ ወርዶ መብራቱ ይጠፋል፣ ሽብሩ ይጠራል። እሱም እየተቆጣ ምድጃዎቹን ይነቅላል። ገና ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ መልሰው ይሰኳቸዋል።

ሽብሩ አራስ ትኩስ አትጠጣ የሚል ጨካኝ አልነበረም። ከክፍሉ ውጭ፣ በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ወፍራም ሽቦ የተዘረጋለት አንድ ምግብ ማሞቂያ ቤት ይሠራ ብሎ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ ሦስቱንም ‹‹ይታያል›› ብለው መሩት። ይታያል የተባለ ደብዳቤ የት እንደሚያድር ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ማክሰኞ ጧት የደኅንነት ተቆጣጣሪው መጡ። ይመጣሉ የተባለው ግን ሐሙስ ነበር። ዘበኛው ከበር ላይ ስልክ ደወለ፤ ሆስፒታሉም እንደተነካ የንብ ቀፎ ተተረማመሰ። ኮሪደሩ ተወለወለ። የእሳት ማጥፊያዎቹ አቧራቸው ተጠረገ። በድንገተኛ መውጫው በር ላይ የተከመሩት የተሰበሩ ወንበሮች ወደ ጓሮ ተወረወሩ። ጉድ እኮ ነው! ለዓመታት ጊዜ ታጣለት የተባለው ሥራ ሁሉ አሥር ደቂቃ በቃው።

ሽብሩ ወደ ፎቅ ሲሮጥ ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ ያዙት።

‹‹ሽብሩ፣ ዛሬ እንዳታዋርደኝ።››

‹‹ዶክተር፣ ምድጃዎቹ እኮ...››

‹‹ተነሥተዋል። ስማኝ፤ ባለፈው ማስጠንቀቂያ ተጽፎብናል። ዛሬ አንድ ጥፋት ካገኙ የአራሶቹን ክፍል ያሽጉታል። ምጥ የያዛት ሴት የሦስት ሰዓት መንገድ መኪና ላይ ስትጮኽ ትሂድ? ከጠየቁህ የለም በል። አንዲት ቃል ናት።››

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለእነዚያ ሴቶች ከልባቸው ያዝኑ ነበር። ነገሩን ለሽብሩ ያከበደበትም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ዋሽ ቢለው ኖሮ እንቢ ማለት ይቀለው ነበር።

ተቆጣጣሪው በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። የአራሶቹ ክፍል ሲገቡ ክፍሉ ጸድቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ አስታማሚዎቹ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ጠበቋቸው። ተቆጣጣሪው ግድግዳውን ዞረው አዩ። አንዱ ሶኬት ዙሪያው ጠቁሯል። እሱን አይተው ወደ ሽብሩ ዞሩ።

‹‹የመብራት ሠራተኛው አንተ ነህ? እዚህ ክፍል ምድጃ ይሰካል?››

ሽብሩ ሥራ አስኪያጁን አየ። አራሶቹን አየ። አንደኛዋ ገና ትናንት በቀዶ ሕክምና የተገላገለች ናት። ክፍሉ ቢዘጋ እንደሷ ያሉት ሴቶች መንገድ ላይ ሲቀሩ ታየው።

‹‹የለም ጌታዬ›› አለ።

ተቆጣጣሪው ጥቂት አዩትና ጻፉ። ከዚያም ወረቀቱን ለመፈራረም ከሥራ አስኪያጁና ከሲስተር ትብለጥ ጋር ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ሲስተር ትብለጥ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ነበረች።

ሽብሩ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። እፎይ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እጁን ኪሱ ይከታል፣ ያወጣል። በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም ማለት አይደለም፤ ሰው ነው። በሥራው ግን ዋሽቶ አያውቅም ነበር። መላ ቢያጣ ተመልሶ ገባና የጠቆረውን ሶኬት በእጁ ዳሰሰው። ይፋጃል። ለሐሙስ የተባለ ሰው ማክሰኞ ሲመጣ ምድጃዎቹ ሁሉ በሥራ ላይ ነበሩ ማለት ነው።

በቀዶ ሕክምና የተገላገለችው የዚያች አራስ እናት፣ እትዬ ዘርፌ፣ በልጃቸው ራስጌ ቆመው ነበር።

‹‹እትዬ ዘርፌ፣ ምድጃዎቹን የት አደረጋችኋቸው?››

‹‹አይዞህ የኔ ልጅ፣ ማንም አያገኛቸውም።››

‹‹የት?››

‹‹አንሶላ ክፍል ነዋ! በብርድ ልብሱ መሃል ሸጉጠን፣ በአንሶላ ሸፍነን። ሲስተርም በሩን ቆልፋልናለች። ደግ አላደረግንም?››

ሽብሩ ወደ በሩ ተፈተለከ። እንዲህ ያለ ምድጃ ከሶኬት ተነቅሎም ቶሎ እንደማይበርድ እሱ ያውቃል። ኮሪደሩ ላይ ሲወጣ ከአንሶላው ክፍል በር ሥር ጭስ መሹለክ ጀምሯል።

‹‹እሳት! ውጡ! ሕፃናቱን ይዛችሁ ውጡ!››

ሮጦ የፎቁን መብራት ከብሬከሩ ሳጥን አጠፋ። የእሳት ማጥፊያውን ከግድግዳው ላይ መንጭቆ በሩን በእግሩ ገነጠለው። እሳትና ጭድ አንድ ላይ ተቆልፎባቸው ነበርና ነበልባሉ ፊቱ ላይ መጣ። አንዱ ማጥፊያ አለቀ፣ ሁለተኛውም አለቀ፤ እሳቱ ጣሪያ ይዟል። አራሶቹ፣ የቻሉት በእግራቸው፣ ያልቻሉት በሰው ጀርባ፣ ያን ዕለት ጧት ወንበር በተነሣለት መውጫ ወረዱ። ጩኸቱን ሰምተው ተመልሰው የወጡት ሥራ አስኪያጁም ሁለት ሕፃናት በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው ሲወርዱ ታዩ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም። ሆኖም የእትዬ ዘርፌ ልጅ በጥድፊያው ስፌቷ ተፈታና ደም እየፈሰሳት እንደገና ወደ ቀዶ ሕክምና ገባች። እናትዬዋ ‹‹በእጄ! በገዛ እጄ!›› እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ የሚይዛቸው ጠፋ። ሽብሩም ሁለቱም እጆቹ ተቃጠሉ። የአራሶቹ ክፍል ወደመ። እንዳይዘጋ ተብሎ የተዋሸለት ክፍል በዚያው ቀን ተዘጋ፤ ምጥ የያዛት ሴትም የሦስት ሰዓቱን መንገድ ትሄድ ጀመር።

ግቢው ውስጥ ሁሉም ጭሱን እያየ ቆሞ ሳለ ሽብሩ ወደ ተቆጣጣሪው ቀረበ።

‹‹ጌታዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ።››

‹‹እኔን?›› አሉ ሽማግሌው። ‹‹እኔ እኮ ፈርሜ ቤቴ ልሄድ ነበር፤ የምተኛውም የራሴ አልጋ ላይ ነው። እዚያ ፎቅ ላይ የተኙት እነማን ነበሩ?››

ሽብሩ አንገቱን ደፋ። አጠገባቸው የቆሙት ሥራ አስኪያጅም የታቀፉትን ሕፃን ፊት ከጭሱ ከለሉ።

‹‹እኔም አልነጻም›› አሉ ተቆጣጣሪው። ‹‹የጠቆረ ሶኬት በዓይኔ እያየሁ በአፍ መልስ ረካሁ።››

ወዳጆቼ፣ ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም›› ይባላል፤ ይህን ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ማወቅ የነበረበት ሆስፒታል ነው። ታሪኩን ስሰማ ከሁሉ የቆጨኝ በዚያ ቤት አንድም ክፉ ሰው አለመኖሩ ነው። እናት ለልጇ፣ ኃላፊ ለክፍሉ፣ ሠራተኛ ለአለቃው አዘነ፤ በመተዛዘን አራሶቹን ሊያስፈጁ ነበር። ጥንቃቄ የሚጠየቀው ለተቆጣጣሪው ደስታ አይደለም። ከእሱ የደበቅነው አደጋ እሱን ተከትሎ አይሄድም፤ እኛው ጋ ይቀራል። የሚያስጨንቀውን የሚያውቅ ሰውም ጭንቀቱን በጊዜ ካልተናገረ፣ መጨነቁ ማንንም አያድንም።

እናንተስ? ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ሮጣችሁ የምትሸሽጉት ነገር ምንድን ነው? አጠገቡስ የሚተኛው ማን ነው?