ገመዱን ማን ይያዝ

አንድ ባለጠጋ ነበረ፤ ውሃ ግን አልነበረውም።

መምህር ጌጡ መልሳቸውን የጀመሩት በዚህ ነው። ጠያቂው የከተማው እግር ኳስ ቡድን ሊቀመንበር ደምሴ ነበር። ቡድኑ ከሊጉ ሊወርድ አፋፍ ላይ ቆሟል፤ አንድ ስመ ጥር አጥቂ ደግሞ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ ብሏል። ልጁ ጎል ማግባት ያውቅበታል። ነገር ግን በቀድሞ ቡድኑ መልበሻ ክፍል ውስጥ በረኛውን ደብድቦ አንድ ዓይኑን አጥፍቶታል። ከዚያ በፊት በነበረበት ቡድንም ብዙ ይወራበታል። ደምሴ በልጅነቱ ያስተማሩትን መምህር ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ «እንዲህ ያለውን ሰው ላስፈርመው ወይስ ልተወው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ይሁን ወይም ይቅር ሳይሉ ይህን ነገሩት።

ባለጠጋው የቆላ ሰው ነበር። ከብቱ ብዙ፣ ማሳው ሰፊ፣ ጎተራው ሙሉ ነው፤ ወንዙ ግን ሩቅ ነው። የአገሩ ሴቶች ማለዳ ወጥተው እንስራቸውን ሞልተው ሲመለሱ ፀሐይ አናት ላይ ትደርሳለች። በበጋ ወንዙም ይነጥፍና አሸዋ ጭረው ያገኙትን ድፍርስ ይዘው ይመጣሉ። ባለጠጋው ከግቢው በታች ጉድጓድ አስጀመረ። ሠራተኞቹ አራጋውና ታናሽ ወንድሙ ሃያ ክንድ ያህል ከቆፈሩ በኋላ ጥቁር አለት ገጠማቸው። ዲጂኖው ይነጥራል እንጂ አለቱ አይጫርም። ከሌላ አገር የመጡ ቆፋሪዎችም አዩት፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

እንዲህ ያለውን አለት የሚሰብር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጓንጉል ይባላል። ድንጋዩን በመዶሻ መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል፤ ከዚያ «እዚህ ጋ» ይላል። እዚያ ጋ መሮውን ሲተክል አለቱ እንደ ዳቦ ይቆረሳል። እጁ የነካው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ አውጥቷል። ስሙ ግን ከእጁ ቀድሞ ይደርሳል። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ መንደር የሥራ ጓደኛውን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ፣ ገመዱን ካስማ ላይ አስሮ ሄደ። ካስማው ተነቀለ፤ ሰውየው ወድቆ ሞተ። ጓንጉል ለቀብሩ እንኳ ሳይቆም ጠፋ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ከዚህ በላይ ያለውን ግን እያንዳንዱ እንደ ምላሱ ይጨምርበታል። ሰክሮ ነበር የሚል አለ፤ ሆን ብሎ ነው የሚል አለ፤ ውሃ የሚወጣለት ለጉድጓዱ ሰው ስለሚገብር ነው የሚልም አልጠፋም።

ባለጠጋው ይህን ሁሉ ሰምቶ ሦስት ሳምንት አመነታ። በመጨረሻ፣ «እኔ የምፈልገው እጁን ነው፤ ልቡን ለራሱ ያኑረው» አለና ላከበት።

ሚስቱ፣ «እጁ ብቻውን ነው እንዴ የሚመጣው?» አለችው።

«እኔ እጠብቀዋለሁ። ዓይኔን ከሱ ላይ አልነቅልም።»

«አንተ የምትጠብቀው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠህ ነው። ገመዱ ላይ የሚንጠለጠሉት እነ አራጋው ናቸው።»

ጓንጉል በመጣ ጊዜም ባለጠጋው የጠየቀው፣ «በስንት ቀን ውሃ ይወጣል?» ብሎ ብቻ ነው። ጓንጉል ጎንበስ ብሎ ወደ ጉድጓዱ አየና፣ «ሃያ ቀን፤ ቢበዛ ሃያ አምስት» አለ። አጭር፣ ትከሻው የሰፋ፣ ሲያናግሩት መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነበር።

ሥራው እንዲህ ሆነ፦ ጓንጉል አለቱን ሲሰብር ወንድማማቾቹ ገመድ ይይዙለታል። ፍርካሹን ድንጋይ ለመጫን አራጋው ሲወርድ ደግሞ ታናሽየው ድንጋዩን ያራግፋል፤ የአራጋውን ገመድ የሚይዘው ጓንጉል ነው። ባለጠጋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ጭልፊት ጠበቀው። በቤቱ ጠላ እንዳይጠመቅ ከለከለ። ጠዋት ጠዋት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ይዳብሳል። ጓንጉል ሰላም ሊለው ሲጠጋ ትንፋሹን ያሸታል። ሲስቅ ይጠረጥረዋል፤ ዝም ሲል ደግሞ የባሰውን ይጠረጥረዋል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከአለቱ ስንጥቅ እርጥብ አፈር ወጣ። ባለጠጋው አፈሩን በጣቶቹ መካከል አሸው፤ ወደ አፍንጫውም አስጠጋው። የውሃ ሽታ ነበረው። ከዚያች ቀን ወዲያ የጓንጉልን ትንፋሽ ማሽተት ተወ። ውሃው በቀረበ ቁጥር ዓይኑ ራቀ።

በገበያ ቀን ጓንጉል ለማንም ሳይናገር ጠፋ። በማግስቱ ሲመለስ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ እጀ ጠባቡ ተቀዶ ነበር። ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ምን ጠጥቶ እንደዋለ የጠየቀው የለም። ባለጠጋው አይቶታል፤ አልፎ ተርፎም ለሚስቱ፣ «ከንፈሩ ቢሰነጠቅ ምን አገባኝ? መዶሻ የሚይዘው በከንፈሩ አይደለም» አላት።

በዚያው ቀን አራጋው ጉድጓዱ መካከል ሲደርስ ገመዱ በድንገት አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተተ። አራጋው ከአለቱ ጋር ተላትሞ ትከሻው ተገሸለጠ። ጮኸ፤ አወጡት። ሲወጣ ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ መሬት ላይ ጣለው።

«ላብ ነው» አለ ጓንጉል። «እጄን አላበኝ።»

«ከእንግዲህ አልወርድም» አለ አራጋው።

ውሃው ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ስለተሰማ የመንደሩ ሴቶች እንስራቸውን እንዳዘሉ ዙሪያውን ቆመው ነበር። ባለጠጋው ከጥላው ተነስቶ መጣ። «አራጋው፣ የቀረው ቢበዛ ሦስት ክንድ ነው። አሁን ነው የምትፈራው? እኔ አምነዋለሁ።»

አራጋው ትከሻውን ይዞ ቀና ብሎ አየው። «ጌታዬ፣ ካመኑት እርስዎ ይውረዱ።»

ማንም አልሳቀም። ይልቅ ሁሉም ባለጠጋውን አየው። ባለጠጋው ቀልድ አስመስሎ ሊያልፈው ፈለገ፤ ፊቱ እሺ አላለውም። እምቢ ቢል፣ ለራሱ ነፍስ የማያምነውን ሰው ለአራጋው ነፍስ አምኖት እንደነበር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊታወቅ ነው። ጋቢውን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት፤ ገመዱንም ወገቡ ላይ አሰረ። ታናሽየው ጓንጉልን ሊያግዝ እጁን ሲዘረጋ አራጋው ያዘው። «ተወው። አምነዋለሁ ብለዋል።»

ባለጠጋው ወረደ። ሰማዩ በመጀመሪያ ሰፌድ አከለ፤ ቀጥሎ የጽዋ አፍ አከለ። ግድግዳው ቀዘቀዘ። ስለ ጓንጉል የሰማው ወሬ ሁሉ አብሮት ወረደ፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲሰማው ወሬ የነበረው እዚያ ውስጥ ክብደት አገኘ። ሰክሮ ነበር። ሆን ብሎ ነው። ለጉድጓዱ ይገብራል። በዚህ መካከል ገመዱ ቆመ። እግሩ ባዶውን ሲዳብስ ምንም አልነካም። ጓንጉል እጁን እያሳረፈ ይሁን፣ ሌላ ነገር እያሰበ፣ ከዚያ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

«ጓንጉል!»

«አቤት!»

ሊናገር የፈለገው «በርታ» የሚል ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ያ የሞተው ሰው ስሙ ማን ነበር?»

«የቱ ሰው?»

«የቱን እንደምልህ ታውቃለህ።»

«እንድሪስ።»

«እንዴት ሞተ?»

«ካስማው ተነቀለ።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ካስማው ነው አልኩዎ! እሱም ወገቡን አጥብቆ አላሰረም ነበር።»

ባለጠጋው ገመዱን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሰውየው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የሌላ ሰው ነፍስ በእጁ አንጠልጥሎ፣ ጥፋቱን በሟች ላይ ይጭናል። «ነገ እኔ ብወድቅ ደግሞ የእኔ ቋጠሮ ነው ጥፋተኛው» አለ በልቡ።

«አውጣኝ» አለ።

ገመዱ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ክንድ በክንድ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይንሸራተት ወደ ላይ ሳበው። ከአፋፉ ሲደርስ ባለጠጋው የጓንጉልን እጅ አየ፤ ገመዱ መዳፉን ልጦት ደም ይዟል። አጥብቆ ይዞት ነበር ማለት ነው። ባለጠጋው ይህን አየ፤ ልቡ ግን አልተመለሰም።

«አለቱን ስበር፤ አትከለከልም» አለው። «የሰው ገመድ ግን አትይዝም። ልያዝ ካልክ መጀመሪያ እንድሪስ ቤት ሄደህ የቀረህበትን ለቅሶ ድረስ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

የጓንጉል ፊት ጠቆረ። «የቀጠረኝ ሰው ሁሉ በስንት ቀን ውሃ ታወጣለህ ብሎ ነው የጠየቀኝ። እርስዎም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። ዛሬ ምን መጣ?»

«ዛሬ እኔ ወረድኩ።»

ጓንጉል መዶሻውን ወርውሮ ሄደ።

አገሩ በባለጠጋው ላይ አጉረመረመ። «ሦስት ክንድ ሲቀረው ለአንድ ቃል ብሎ ውሃ አስቀረን» አሉት። ወንድማማቾቹ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጡ ውለው የሚያወጡት ጭብጥ የማይሞላ ጠጠር ነው። ሴቶቹ ተመልሰው የወንዙን መንገድ ያዙ። ባለጠጋውም ተጸጸተ። ሁለት ጊዜ ጓንጉልን የሚመልስ መልእክተኛ በበቅሎ ሊልክ ተነሳ፤ ሁለት ጊዜም ያ ገመድ የቆመበት ቦታ ትዝ እያለው ተቀመጠ።

ጓንጉል በሄደ በአሥራ አንደኛው ቀን እግሯ አቧራ የለበሰ አንዲት ከሲታ ሴት ወደ ግቢው መጣች። ጓንጉል ድንጋይ ቢወረውሩ በሚደርስበት ርቀት አንገቱን ደፍቶ ይከተላታል። ሴትየዋ ሰላምታ ሰጥታ፣ «የእንድሪስ ሚስት ነኝ» አለች። «ይህን ሰው ወደኔ የላኩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«መጥቶ ደጄ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ወንድሞቼ ሊደበድቡት ሲነሱ እንኳ አልሸሸም። በአራተኛው ቀን አፉን ከፈተ። ካስማ አላለኝም። ‹ገመዱን ትቼ ሠርግ ቤት ሄጄ ነበር፤ ስጨፍር ነው የሞተው› አለኝ። እኔ ይህን አላውቅም መስሎታል። አውቃለሁ። ከሱ አፍ እስኪወጣ ነው ስድስት ዓመት የጠበቅሁት።»

«ይቅር አልሽው?»

«አላልኩትም።»

«ታምኚዋለሽ?»

«አላምነውም። እርስዎስ?»

ባለጠጋው ወደ ጓንጉል አየና፣ «እኔም አላምነውም» አለ።

«እንግዲያው ገመዱን ለብቻው አይስጡት» አለች። «ሥራውን ግን አይከልክሉት። ሥራ የፈታ እንደሆነ ወደዚያው ወደ ጭፈራው ነው የሚሄደው። እኔም የመጣሁት ይህንን ልነግርዎ ነው።» ውሃ ስጡኝ አለች፤ ከወንዝ የመጣውን ድፍርስ ጠጥታ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች።

ጓንጉል መዶሻውን አነሳ። ከዚያ በኋላ የአራጋውን ገመድ ሲይዝ ከኋላው ሌላ ሰው አብሮት ይይዛል፤ አንዳንድ ቀን ታናሽየው፣ አንዳንድ ቀን ባለጠጋው ራሱ። ባለጠጋው ጥላ ሥር መቀመጥ ተወ። በስድስተኛው ቀን መሮው ድምፁን ለወጠ፤ ከአለቱ ሥር የወጣው ውሃም የጓንጉልን ቁርጭምጭሚት ሸፈነው።

ጓንጉል በዚያ አገር ቀረ። ጉድጓዱ በየዓመቱ ሲጠረግ ገመዱ ዘንድ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ ሰው ካልመጣ አይነካውም። አንድ ዓመት አራጋው ቸኩሎ፣ «አሁንስ አምንሃለሁ፤ ብቻህን አውርደኝ» ቢለው፣ ጓንጉል፣ «አንተ ብታምነኝ እኔ ራሴን አላምንም። ወንድምህን ጥራ» አለው።

መምህር ጌጡ እዚህ ሲደርሱ ወደ ደምሴ ዞሩ።

«አየህ ልጄ፣ ቡድንህ ያ ጉድጓድ ነው። ውሃው እንደሚያስፈልግህ አውቃለሁ፤ ብትወርዱ ስንቱ ልጅ ሥራ እንደሚያጣ አልጠፋኝም። ነገር ግን አንተ የምትቀመጠው የክብር መቀመጫው ላይ ነው። መልበሻ ክፍል ገብቶ ከዚያ ልጅ አጠገብ ጫማውን የሚፈታው ሌላ ሰው ነው። ‹እኔ አምነዋለሁ› ከማለትህ በፊት በማን ነፍስ እንደምታምነው እወቅ። ለመሆኑ ባለፈው ዓመት ስንት ጎል አገባ?»

«አሥራ ሰባት» አለ ደምሴ ወዲያው።

«ዓይኑ የጠፋው በረኛስ፣ ስሙ ማን ነው?»

«አላውቅም መምህር። አልጠየቅሁም።»

«እንግዲያው ፊርማው ይቆይ። መጀመሪያ ያንን በረኛ ፈልገህ አግኘው። ከዚያ አጥቂውን ‹ምን አደረግህ?› ብለህ ጠይቀው። ‹ካስማው ነው› ካለህ ሸኘው። ‹እኔ ነኝ› ካለህ አስፈርመው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ገመዱን ለብቻው አትስጠው።»